ጭነት አድራሽ አይሮፕላን የሚመረጠው ለማን ነው?

«ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይላል ያገራችን ሰው። አባባሉ የተነገረው በፈረሱ ጕልበት ተመክቶ የገዛ ልቡን ላላሰናዳ ሰው ተግሣጽ ይሆን ዘንድ ነው፤ እኛ ግን ለዛሬ በሌላ በኩል ገልብጠን ልናየው እንወዳለን። ፈረስ የማይዋጋ መሆኑ እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ ፈረሱ ያላደረሰው ሰውም ከቶ አይዋጋም። ስለ አየር ኃይል ሲወራ የሁላችንም ዐይን የሚሮጠው ወደ ተዋጊው አይሮፕላን ነው። በበዓል ቀን ሰማዩን እየሰነጠቀ ሲያልፍ ልጆች ጣታቸውን ቀስረው ያሳያሉ፤ ሽማግሌዎችም ከዘራቸውን ተመርኵዘው ቀና ይላሉ። ከኋላው እያጓራ በዝግታ የሚመጣውን ሆደ ሰፊ ጭነት አድራሽ ግን ስሙን እንኳ የሚጠይቅ የለም። ነገር ግን ወታደሩን ከነስንቁ፥ በሽተኛውን ከነቃሬዛው፥ ዱቄቱን ከነጆንያው የሚሸከመው ይኸው ስም የለሽ ነው።

እኛ በመዝገብና በደብዳቤ መካከል የምንውል የጽሕፈት ሠራተኞች እንጂ የበረራ ሊቃውንት አይደለንም። ስለዚህ የትኛው ሞተር ከየትኛው ይበልጣል ብለን ለመፍረድ አንደፍርም። የምናነሣው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ይኸውም አቅሙ ትንሽ የሆነ መንግሥት ለትንሽ አየር ኃይሉ ጭነት አድራሽ አይሮፕላን በሚመርጥበት ጊዜ ነገሩ የሒሳብና የመሐንዲስ ጕዳይ ብቻ ነውን? ወይስ የግብረ ገብ ጥያቄም አለበት? በኛ ዐሳብ እንዲህ ያለው ምርጫ ከሥሩ እስከ ጫፉ የግብረ ገብ ነገር ነው። መራጩ በራሱ ገንዘብ አይገዛምና፤ በገዛውም ላይ ብዙ ጊዜ አይሳፈርበትምና፤ የምርጫውም ፍሬ መልካም ይሁን መጥፎ የሚታየው እርሱ ከወንበሩ ከተነሣ ከብዙ ዘመን በኋላ ነውና። ገንዘቡ የሌላ፥ ጥቅሙ የሌላ፥ ጕዳቱም የሌላ በሚሆንበት ሥራ ላይ መራጩን ከስሕተት የሚጠብቀው ሕሊናው ብቻ ነው፤ ሕሊና ደግሞ ብቻውን ሲቀር ምን ያህል እንደሚያንቀላፋ ሁላችንም እናውቃለን።

በጥንቱ የጦር ሥርዓታችን የዘመቻን ዕድሜ የሚወስነው ከጋሻና ከጦር ይልቅ ስንቅ ነበር። ክተት ሲታወጅ ባላገሩ በሶውንና ቆሎውን፥ ድርቆሹንና በርበሬውን አሰናድቶ በአህያና በበቅሎ ጭኖ ይወጣል፤ ስንቁ ባለቀ ቀን ጀግንነቱ ባያልቅም ዘመቻው ያልቃል። በ1888 ዓ.ም. የካቲት ወር ዐፄ ምኒልክ በዐድዋ አካባቢ ሠፍረው ሳሉ እጅግ ያሳሰባቸው ነገር የሠራዊቱ ስንቅ መመናመን እንደ ነበረ የታሪክ ጸሐፊዎች ጽፈዋል። ጄኔራል ባራቲየሪ ጥቂት ቀን ቢታገሥ ኖሮ ያ ሁሉ ሠራዊት እህል ፍለጋ ሊበተን ይችል ነበር። ነገር ግን የርሱም ስንቅ ተጓድሎ፥ መንግሥቱም ከሮማ እየጐተጐተው ስለ ነበር መታገሥ አልቻለም፤ የካቲት 23 ቀን ገጠመ፤ የሆነውም ሆነ። ታሪኩን ስናስተምር የመድፉን ድምፅና የፈረሰኛውን ግልቢያ እንተርካለን እንጂ ሁለቱን ሠራዊቶች ወደዚያች ቀን የገፋቸው ባዶ የሆነ የእህል ከረጢት መሆኑን እምብዛም አናነሣም።

ጭነት አድራሽ አይሮፕላን እንግዲህ የዘመናችን አጋሰስ ነው። አጋሰስ የሚገዛ ገበሬ ገበያ ወጥቶ ምን እንደሚያደርግ እናውቃለን። ጥርሱን ገልጦ ዕድሜውን ይመረምራል፤ ኮቴውን አንሥቶ ያያል፤ ጀርባው የቈሰለ መሆኑን በእጁ ይዳስሳል፤ ወዲያና ወዲህ ያስኬደዋል፤ የሻጩን ምስጋና ግን በአንድ ጆሮው ሰምቶ በሌላው ያፈስሰዋል። ስለ አለባበሱና ስለ ኮርቻው ጌጥ የሚጨነቀው የጌታ በቅሎ የሚገዛ ሰው ነው። ገበሬው ሦስት ነገር ይጠይቃል፤ ምን ያህል ይሸከማል? በየትኛው መንገድ ይሄዳል? ምንስ ይበላል? የእነዚህን ጥያቄዎች መልስ ያልሰማ ገበሬ ከብቱን ወደ ቤቱ አይነዳም። ታላላቅ መንግሥታት በሚሊዮን የሚቈጠር ዶላር አውጥተው አይሮፕላን ሲገዙ ሦስተኛውን ጥያቄ፥ ማለት «ምን ይበላል?» የሚለውን፥ ረስተው መገኘታቸው እጅግ ያስገርማል። ይህንንም ወደ ኋላ በምሳሌ እናሳያለን።

መጀመሪያ ስለ ሸክም። የአይሮፕላን ሻጭ በሚያድለው ባለ ሥዕል መጽሔት ላይ «ይህ አይሮፕላን ይህን ያህል ቶን ያነሣል» ተብሎ የሚጻፈው ቍጥር ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ በባሕር ወለል፥ በለዘበ አየር፥ በረዥም አስፋልት ላይ የተለካ ነው። የአዲስ አበባ አይሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይገኛል። በዚህ ከፍታ የአየሩ ጥግግት በባሕር ወለል ካለው አንድ አምስተኛ ያህል ይቀንሳል፤ የቀኑ ሙቀት ሲጨመርበት ደግሞ ከዚያም ይሳሳል። አየር ሲሳሳ ክንፉ የሚደገፍበት ያጣል፤ ሞተሩ የሚተነፍሰው ያንሰዋል፤ ለመነሣት የሚሮጥበት ሜዳም ይረዝማል። ስለዚህ በሥዕሉ ላይ አሥር ቶን የሚያነሣው፥ ለደጋ ሰው ሲመጣ ከጭነቱም ከነዳጁም ቀንሶ ካልሆነ አይነሣም። ይህን ሒሳብ ሳያሠራ የሚፈርም ሹም፥ ደጋውን ሳያይ የቈላ ከብት እንደ ገዛ ሰው ነው።

ሸክም ሲባልም ክብደት ብቻ አይደለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዓለምን ያዳረሰው ዳግላስ ሲ-47 በ1938 ዓ.ም. የተቋቋመው አየር መንገዳችን ሥራውን የጀመረበት አይሮፕላን ነው፤ አየር ኃይላችንም ተገልግሎበታል። ያ የተባረከ አይሮፕላን ሦስት ቶን የማይሞላ ጭነት በትንሽ ሜዳ ላይ አውርዶ ይነሣል፤ ይሁን እንጂ በሩ በጎኑ ነው፤ ጭራውም መሬት ላይ ስለሚቀመጥ ወለሉ ዳገት ነው። ዕቃ የሚጭን ሰው በርሜሉን ወደ ላይ እየገፋ ዳገት ይወጣል፤ አውቶሞቢል ማስገባትማ ቀላል አይደለም። እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ነሐሴ 1954 ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው ሎክሂድ ሲ-130 ግን ኋላው እንደ መሶብ ክዳን ይከፈታል፤ ወለሉም ከካሚዮን ወለል ጋር ይተካከላል፤ መኪናው በራሱ እግር ገብቶ በራሱ እግር ይወጣል። ሃያ ቶን ያህል ይዞ ባልተነጠፈ ሜዳ ላይ ያርፋል። ከሰባ ዓመት በኋላ ዛሬም እየተሻሻለ መሠራቱ ያለ ምክንያት አይደለም።

ታዲያ ነገሩ እንዲህ ከሆነ ትንሹም መንግሥት ትልቁን ይግዛና ይገላገል የሚል ይኖራል። የግብረ ገቡ ጥያቄ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። አንድ ትንሽ አየር ኃይል በተራ ሳምንት የሚጭነው ምንድን ነው? ለአንድ ጠረፍ ጦር ሠፈር የሚላክ አምሳ ኩንታል ዱቄት፥ አንድ የመብራት ሞተር፥ መድኃኒት፥ ፖስታ፥ ከእረፍት የሚመለሱ ወታደሮች፥ ምጥ የጠናባት ሴት። ለዚህ ሁሉ አምስት ወይም ስድስት ቶን የሚያነሣ አይሮፕላን ይበቃል። ትልቁ ቢላክ ግን ግማሽ ሆዱ ባዶ ሆኖ የሙሉውን ነዳጅ ይጠጣል፤ ነዳጁም ውድ ስለሆነ ጥቂት በጥቂት ጕዞው ይሰረዛል። በመጨረሻ ያቺ ምጥ የጠናባት ሴት የምትጠብቀው አይሮፕላን፥ በጣም ትልቅ በመሆኑ ምክንያት ሳይመጣ ይቀራል። ትልቅነት ራሱ መቅረት ሊሆን እንደሚችል ከበዓሉ ሰልፍ ላይ ሆኖ አይታይም።

በሌላው ወገን ደግሞ ክፉ ቀን አለ። ትንሹን ብቻ የገዛ መንግሥት ክፉ ቀን ሲመጣ ይጨነቃል። በ1977 ዓ.ም. በሰሜን አገራችን የደረሰውን ረኃብ የማያስታውስ ወይም ከወላጆቹ ያልሰማ የለም። በዚያ ዓመት የእንግሊዝ አየር ኃይል ሲ-130ዎች፥ የምዕራብ ጀርመን ትራንዛል አይሮፕላኖች፥ የፖላንድ ሄሊኮፕተሮችም መጥተው እህል አመላልሰዋል። መኪና በማይደርስበት ደጋ ላይ አይሮፕላኖቹ እጅግ ዝቅ ብለው እየበረሩ ጆንያውን ያለ ጃንጥላ ይጥሉ ነበር፤ ጆንያው እንዳይፈነዳም በሌላ ጆንያ ይደረብ ነበር። ያን ጊዜ የቶን ብዛት የነፍስ ብዛት ሆኖ ተቈጠረ። ከዚያ አሥር ዓመት ያህል ቀደም ብሎ በነበረው ረኃብ ጊዜ ደግሞ፥ አየር ኃይላችንን በ1930ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ያደራጁት ስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን፥ ባለ አንድ ሞተር በሆኑ ትንንሽ አይሮፕላኖች ለተራራው ሕዝብ ምግብ ጥለዋል። እንግዲህ ትንሹም ያድናል፤ ትልቁም ያድናል፤ ከሁለቱ አንዱን ምረጥ የተባለ ሰው ለተራው ቀን ይምረጥ ወይስ ለክፉው?

እኛ ይህን ጥያቄ ከጓደኞቻችን ጋር ብዙ ጊዜ ተከራክረንበታል፤ የተስማማንበትም ጊዜ የለም። አንዳንዶቹ «መንግሥት ማለት ለክፉ ቀን የሚሆን ነው፤ ለተራው ቀን ነጋዴ ይበቃል» ይላሉ። ክርክሩ ከባድ ነው፤ ቀላል አድርገን አናየውም። ነገር ግን ለክፉው ቀን ብቻ የተገዛ ዕቃ በክፉው ቀን የማይነሣ ሆኖ ይገኛል። አይሮፕላን ሲቆም ይታመማል፤ አብራሪው ሳይበር ሲከርም እጁ ይረሳል፤ መካኒኩ የማይፈታውን ሞተር አያውቀውም። በየሳምንቱ ዱቄት የሚያመላልስ መካከለኛ አይሮፕላን በክፉው ቀን አራት ጊዜ ተመላልሶ የትልቁን ሥራ ሊሠራ ይችላል፤ በመጋረጃ ተሸፍኖ የከረመው ትልቅ ግን አንድ ጊዜም ላይነሣ ይችላል። ስለዚህ የኛ ሚዛን ወደ መካከለኛው ያዘነብላል፤ መራጩ ለተራው ቀን ይምረጥ፥ በክፉው ቀን ከወዴት እንደሚበደር ደግሞ አስቀድሞ ይዋዋል እንላለን።

አሁን «ምን ይበላል?» ወደሚለው እንምጣ። እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ2008 አሜሪካኖች ለአፍጋኒስታን አየር ኃይል በራሳቸው ገንዘብ ጂ-222 የተባሉ ሃያ የጣሊያን ሥሪት ጭነት አድራሽ አይሮፕላኖች አስጠግነው ለመስጠት ተዋዋሉ። አይሮፕላኑ ክፉ አልነበረም። ዘጠኝ ቶን ያህል ያነሣል፤ ኋላው ይከፈታል፤ በአጭር ሜዳ ይነሣል። በወረቀት ላይ ላየው ሰው ለተራራማ አገር የተፈጠረ ይመስላል። ችግሩ ሌላ ነበር፤ ፋብሪካው ይህን ዓይነት መሥራት ትቶ ስለ ነበር መለዋወጫ የሚገኘው ከሌላ አሮጌ አይሮፕላን እየተነቀለ ነው፤ አቧራውና ሙቀቱ ይበላዋል፤ የሚጠግነውም ሰው በቂ ሥልጠና አላገኘም። እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ2012 ከጥር እስከ መስከረም ባለው ጊዜ 4,500 ሰዓት እንዲበርሩ ታስቦ የበረሩት 234 ሰዓት ብቻ ነው፤ ይህም ከሃያ ሰዓት አንድ ሰዓት እንደ ማለት ነው። በ2013 ፕሮግራሙ ተቋረጠ። በ2014 በካቡል የቆሙት ዐሥራ ስድስቱ ተቈራርጠው ለብረታ ብረት ነጋዴ ተሸጡ። የወጣው ገንዘብ 549 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ ከቍርጥራጩ የተገኘው ግን በዐሥር ሺሕ የሚቈጠር ዶላር ብቻ ነው።

ይህን ታሪክ ያነሣነው ባዕድን ለመዝለፍ አይደለም። ልብ እንዲባል የምንፈልገው፥ በዚህ ሁሉ ውስጥ ስግብግብ ሌባ ባይኖር እንኳ ጥፋቱ ሊደርስ ይችል እንደ ነበረ ነው። የመረጠው አንድ፥ የከፈለው ሌላ፥ የሚበርበት ሌላ፥ የሚጠግነው ደግሞ ሌላ ነበር፤ ከአራቱም አንዱ ስንኳ ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የያዘ አልነበረም። «ይህ ለናንተ ይሆናል» ሲባል «አይሆነንም» ለማለት ተቀባዩ አቅም አልነበረውም፤ የስጦታ ፈረስ ጥርሱ አይታይምና። በኛ ዘንድ ግን ስጦታ የሆነ አይሮፕላን ከተገዛው ይልቅ ሊመረመር ይገባዋል። የተገዛ ዕቃ ዋጋውን በአንድ ቀን ይናገራል፤ የተሰጠ ዕቃ ግን ዋጋውን የሚናገረው መለዋወጫ በተፈለገ ቍጥር ነው፤ ያን ጊዜም ዋጋው በገንዘብ ብቻ ላይሆን ይችላል። አየር ኃይላችን በልዩ ልዩ ዘመን ከስዊድን፥ ከአሜሪካ፥ ከ1970 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ከሶቭየት ኅብረት ያገኛቸው አይሮፕላኖች ሁሉ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን መካኒክ፥ የየራሳቸውን መጽሐፍ፥ የየራሳቸውን ቋንቋና ወዳጅነት ይዘው መጥተዋል። ወዳጅነቱ ሲቀዘቅዝ መለዋወጫውም ይቀዘቅዛል። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚባለው ይህን ሳይጨምር አይቀርም።

የሚገርመው ደግሞ ይህ ነው። የጂ-222 ልጅ የሚባል ሲ-27 ስፓርታን የሚሉት አይሮፕላን አለ፤ ቅርጹ የአባቱ ነው፤ ሞተሩ ግን አዲስ ሆኖ ከአዲሱ ሲ-130 ሞተር ጋር አንድ ዓይነት ነው። ሕዝቧ ሦስት ሚሊዮን የማይሞላ ሊትዌኒያ የምትባል የባልቲክ አገር በሶቭየት ዘመን የተሠሩትን አንቶኖቭ-26ቶች ትታ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ከ2006 እስከ 2009 ድረስ ከዚህ ዓይነት ሦስት ብቻ ገዛች። ሦስት ማለት እዚህ ላይ በዘፈቀደ የተጠራ ቍጥር አይደለም። አንድ አይሮፕላን ያለው አየር ኃይል ምንም እንደሌለው ይቈጠራል፤ ያ አንዱ ጥገና ሲገባ ሥራው ሁሉ ይቆማልና። ሁለት ያለው አንድ አለው። ሦስት ያለው፥ አንዱ ተፈትቶ አንዱ ልምምድ ላይ ሆኖ፥ አንዱ ሲጠሩት ይነሣል። በአንድ ዓይነት ሦስት ማግኘት በሦስት ዓይነት ሦስት ከማግኘት በብዙ ይበልጣል፤ በሦስት ዓይነት ሦስት ያለው ሰው ሦስት ጊዜ አንድ አለው እንጂ ሦስት የለውም። እንዲህ ያለውን ሒሳብ ተማሪዎች በቍጥር ትምህርት ላይ አያገኙትም፤ በየመሥሪያ ቤቱ ዕቃ ግምጃ ቤት ግን ያገኙታል፤ የአምስት ፋብሪካ አምስት የማባዣ መኪናዎች ተሰልፈው፥ ለአንዱ እንኳ ቀለም ጠፍቶ፥ ደብዳቤ በእጅ ሲገለበጥ ያየ ይመሰክርልናል።

ይኸችው ሊትዌኒያ ለክፉው ቀን ደግሞ ሌላ መላ አላት። እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ2008 ዐሥራ ሁለት መንግሥታት ተስማምተው ሦስት ሲ-17 የተባሉ ግዙፍ አይሮፕላኖችን በጋራ ገዝተው፥ ከ2009 ጀምሮ በሃንጋሪ አገር ፓፓ በምትባል ከተማ አኖሩ። አንዱ አይሮፕላን ብቻ ሰባ ቶን የሚበልጥ ይሸከማል፤ እንደ ኢስቶኒያና እንደ ስሎቬኒያ ያለ አገር ብቻውን ሊገዛው ቀርቶ ሊያሳድረው አይችልም። ሁሉም በዓመት የሚበርበት የሰዓት ድርሻ አለው፤ ብዙ ያዋጣ ብዙ ይበርራል፤ ጥቂት ያዋጣ ጥቂት። ለዕቍብና ለዕድር ሕዝብ ይህ ነገር እንግዳ አይደለም፤ ድንኳንና የብረት ድስት በዕድር ገዝቶ በኀዘን ቀን ተራ እየወሰደ የሚኖር ሰው «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን በአፉ ብቻ አይደለም የሚናገረው። ነገር ግን መንግሥታት ይህን ሲያደርጉ ብዙ ጊዜ ክብር ይከለክላቸዋል። «የጦር ኃይላችንን ከባዕድ ጋር በማኅበር እናሳድር?» ይባላል።

ክብርን እኛም አናቃልልም። ነፃ መንግሥት ያለሰው ፈቃድ ወታደሩን ወደ ጠረፉ ማድረስ ካልቻለ ነፃነቱ በወረቀት ላይ የቀረ ሊሆን ይችላል፤ ማኅበርተኛውም በጭንቁ ቀን «ለዚህ ሥራ አልፈቅድም» ቢል የጋራው አይሮፕላን መሬት ላይ ይቀራል። ስለዚህ ለራስ ድንበር የሚሆነውን የራስ ማድረግ፥ ለሩቅ ጕዞና ለታላቅ ጭነት የሚሆነውን በጋራ መያዝ አግባብ ይመስለናል። ነገር ግን «ለክብራችን» እየተባለ የሚጠየቀው አይሮፕላን የማን ክብር እንደሚጠብቅ መጠየቅ ነውር አይደለም። የሕዝቡ ክብር ነው ወይስ ከመሰላሉ እጁን እያወዛወዘ የሚወርደው ሹም? ሁለቱ አንዳንድ ጊዜ አንድ ይሆናሉ፤ አንዳንድ ጊዜ ግን እጅግ ይራራቃሉ።

ምርጫው ስንት ዘመን እንደሚያስር ለማወቅ ወደ ኒው ዚላንድ ማየት ይበቃል። ይህች የደሴት አገር አምስት ሲ-130ዎች አሏት ስትባል የኖረች ናት፤ የመጀመሪያዎቹን ሦስት እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1965 ተረክባ፥ ሁለት ጨምራ፥ እስከ 2025 መጀመሪያ ድረስ አገለገለችባቸው። ስድሳ ዓመት ማለት ነው። ክንፋቸው ተለውጦ፥ ሽቦአቸው ታድሶ፥ ወደ ደቡብ ዋልታ በረዶ ሳይቀር እየተመላለሱ ኖሩ። ግዢውን የፈረመው ሹም በጡረታ ወጣ፤ የልጅ ልጁ ዕድሜ ያለው መካኒክም ያንኑ ሞተር ፈታ። በ2020 ዓመት ተተኪዎቹን ሲመርጡ ደግሞ ያንኑ ዓይነት፥ አዲሱን ሲ-130፥ በቍጥርም ያንኑ አምስት መረጡ፤ እነርሱም በ2024 ደረሱ። ከዚህ የምንረዳው መራጩ የሚመርጠው ገና ላልተወለደ ሰው ጭምር መሆኑን ነው። ያልተወለደው ሰው በጨረታው ኮሚቴ ውስጥ ወንበር የለውም፤ ስለርሱ የሚናገር ካልተገኘ «ዋጋው ስንት ነው?» ተብሎ የግዢው ዋጋ ብቻ ይጻፋል፤ ለነዳጅ፥ ለመለዋወጫ፥ ለሥልጠናና ለመጋዘን በሠላሳ ወይም በአርባ ዓመት ውስጥ የሚወጣው ገንዘብ፥ ይኸውም ከግዢው ዋጋ የሚበልጠው፥ ሳይነገር ይቀራል። ባወቀው ነገር ላይ ዝም ያለ ሠራተኛ አልዋሸሁም ሊል ይችላል። እኛ ግን እንዲህ ያለው ዝምታ ከውሸት በምን እንደሚለይ አልታየንም።

እስካሁን የተናገርነው ሁሉ ግን አንድ ነገር እንደ ተስማማንበት አድርጎ ይገምታል፤ ይኸውም አይሮፕላኑ ከተመረጠና ከደረሰ በኋላ በጎ ሥራ ይሠራል ብሎ ማመን። ተዋጊው አይሮፕላን ሥራው በስሙ የታወቀ ነው፤ ጭነት አድራሽ ግን ሆዱ ባዶ ስለሆነ ያስገቡትን ሁሉ ይቀበላል። ከላይ በጠቀስነው በ1977 ዓ.ም. በአንድ ሰማይ ላይ ሁለት ዓይነት ጕዞ ይደረግ ነበር። በአንዱ እህል ወደ ሰሜን ይወጣል። በሌላው ደግሞ ደርግ ባወጣው የሠፈራ ዕቅድ መሠረት፥ ከወሎና ከትግራይ፥ ከሰሜን ሸዋም የተሰበሰቡ ሰዎች በካሚዮን፥ በአውቶቡስ፥ በሶቭየት አንቶኖቭ-12 አይሮፕላኖችም ተጭነው ወደ ወለጋ፥ ወደ ኢሉባቦር፥ ወደ ከፋና ወደ ጎጃም ቈላ ይወርዱ ነበር። በሁለት ዓመት ያህል ጊዜ ውስጥ ስድስት መቶ ሺሕ ገደማ ሕዝብ ከቀዬው ተነሥቷል፤ ወዶ የሄደ እንዳለ ሁሉ ሳይወድ የተጫነ፥ ከባሉ ወይም ከልጆቹ የተለየ ብዙ ነው። አንቶኖቭ-12 የጭነት ክፍሉ እንደ መንገደኛ አይሮፕላን የአየር ግፊት የማይጠበቅለት ነው፤ ለዕቃ እንጂ ተጨናንቆ ለቆመ ሕፃንና ሽማግሌ የተሠራ አይደለም። በጕዞው ላይ የታመሙና የሞቱ እንደ ነበሩ አምልጠው የወጡት ሰዎች ተናግረዋል።

አይሮፕላኑ በዚህ ምን በደለ? ሃያ ቶን እንዲያነሣ ተሠራ፤ ሃያ ቶን አነሣ። አብራሪውም ቢሆን መንገዱን አልሳተም። በጨረታ ሰነድ ውስጥ ስለ ክብደት፥ ስለ ከፍታ፥ ስለ ሜዳው ርዝመትና ስለ መለዋወጫ የሚናገር አንቀጽ ይኖራል፤ «ማን በማን ትእዛዝ ይጫናል?» የሚል ግን የለም፤ ይህ የሻጭም የገዢም ጥያቄ አይደለም ይባላልና። እኛ እንደ ጽሕፈት ሠራተኛነታችን አንድ ትንሽ ነገር እናቀርባለን። አይሮፕላኑ በሚገዛበት ቀን መዝገቡም አብሮ ይገዛ፤ በእያንዳንዱ ጕዞ ምን እንደ ተጫነ፥ ሰው ከሆነ ማን እንደ ሆነና ወዶ መሄዱ፥ ያዘዘው ሹም ስም ሳይቀር በሁለት ቅጂ ይጻፍ፤ አንዱ ቅጂ በአየር ኃይሉ፥ ሌላው ከአየር ኃይሉ ውጭ በሆነ መሥሪያ ቤት ይቀመጥ። ትንሽ ነገር ነው፤ ዋጋውም የቀለምና የወረቀት ነው። የ1977ቱ እህል በስንት ጕዞ፥ በስንት ቶን እንደ ተጓጓዘ ከየመንግሥታቱ መዝገብ ዛሬም ማውጣት ይቻላል፤ በአንቶኖቮቹ የተጫኑትን ሰዎች አብዛኛውን ስም ግን የያዙት ወሎና ትግራይ የቀሩት ቤተ ዘመዶቻቸው ናቸው።